የጋሽ ቱሉ ካዕብ

ካዕብን ታውቋታላችሁ። ፊደል ስንቆጥር ሁለተኛዋ ናት፤ «ለ» ብለን «ሉ» ስንል፣ «ተ» ብለን «ቱ» ስንል በጎኗ ትንሽ ሰረዝ ይዛ ብቅ የምትለው። ይቺ ደግሞ ሰው ምን ታደርጋለች አትበሉ። የመኩሪያን ጨጓራ የላጠችው፣ ከወዳጅ ያነታረከችው፣ በገዛ ልጁ ሠርግ ምግብ ያስጠላችው እሷ ናት።

መኩሪያ ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለው የ«ውዳሴ ቪዲዮ» ባለቤት ነው። ውዳሴ የአንዲት ልጁ ስም ነው። ዛሬ ስለ ቪዲዮ ቤት የሚያወራ ሰው የለም፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ግን ሠርግ ያለ ቪዲዮ፣ ቪዲዮም ያለ ጽሑፍ አይሆንም ነበር። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ስማቸው በደማቅ ፊደል ከሥር ካልመጣ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ቪዲዮ ነው» ይላል። በሠፈሩ ያንን ጽሑፍ የሚያወጣው መኩሪያ ነበር።

ከቪዲዮ በፊት ደግሞ የማስታወቂያ ጽሑፍ ይሠራ ነበር፣ በብሩሽ። ከጎፋ እስከ ሣሪስ ያለ ሥጋ ቤት፣ ልብስ ሰፊና ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ የእሱ እጅ ነበር። ሌላው ጸሐፊ ካዕብን ለመገላገል ያህል ጫር አድርጎ ያልፋታል። መኩሪያ ግን ትንፋሹን ይዞ ብሩሹን ወደ ጎን ይጎትትና ጫፏን እንደ ፀጉር አቅጥኖ ያሳርፋታል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች «የመኩሪያ ካዕብ» ይሏት ነበር፤ እሱም ያልሰማ መስሎ ደስ ይለው ነበር። ኋላ የፕላስቲክ ፊደል በማሽን እየተቆረጠ መለጠፍ ሲጀምር የብሩሽ ሥራ ቀዘቀዘ። መኩሪያም ብሩሾቹን በላምባ አጥቦ አስቀመጠና ካሜራ ገዛ።

ኮምፒውተሩን ያገኘው ከአንድ የውጭ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ከሸጠው ዕቃ መሀል ሁለት መንታ የሚመስሉ የቤት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ አሚጋ ይባላሉ። አንዱን መኩሪያ ወሰደ፣ ሌላውን ጎፋ የመዝሙር ቪዲዮ የሚያዘጋጀው ሉቃስ። የሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የከተማው ሰውም ፊቱን ወደ አዲሶቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች አዙሯል። ይህ አሮጌ ግን ለእነ መኩሪያ ሥራ የተፈጠረ ነበር። ከጀርባው በምትሰካ አንዲት ትንሽ ሳጥን አማካይነት ፊደሉን ከፊልሙ ጋር አጋብቶ ካሴት ላይ ያስቀርጻል። መኩሪያ ያቺን ሳጥን «ሚዜዋ» ይላታል።

የአማርኛ ፊደል ግን አልነበረውም። መኩሪያ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እያንዳንዷን ፊደል ነጥብ በነጥብ እየለቀመ በኮምፒውተሩ ላይ ራሱ ሳላት። ካዕቦቹንም እንደ ልማዱ አቀጠናቸው። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ቴሌቪዥን ምስሉን ባንዴ አይስልም፤ አንዱን መስመር ስሎ አንዱን ይዘላል፣ ከዚያ ተመልሶ የዘለለውን ይሞላል። ቁም መስመር ምንም አይሆንም። የመኩሪያ ካዕብ ግን አግድም የተጋደመች ቀጭን መስመር ናት፤ አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም። ስለዚህ ትንቀጠቀጣለች። ካሴቱ ተገልብጦ ለዘመድ ሲሰጥ፣ የተገለበጠውም እንደገና ሲገለበጥ፣ ጭራሽ ትጠፋለች። ላወፍራት ብሎ ሞክሯል፤ ከጎኗ ያለው ፊደል ላይ ወጥታ ጎበጠችበት። ከተጨማለቀ ፊደልማ የተንቀጠቀጠ ይሻላል ብሎ መለሳት።

ሰው መቼም አብዛኛውን ጊዜ አያስተውልም። ጋሽ ቱሉ ግን አስተዋለ።

ጋሽ ቱሉ ጎፋ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ ሰውነቱ ገዘፍ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ትልቋን ልጁን ሲድር ቪዲዮውን የሠራው መኩሪያ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ካሴቱ ሲከፈት የሙሽራይቱ አባት ስም መጣ፤ «አቶ ተለ በንቲ» ይላል። ቱሉ የለም። ሁለቱም ካዕቦች ውሃ በልቷቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማምሻ ቤት ያሉት ጓደኞቹ «አቶ ተለ፣ እንዴት ዋልክ?» ሆነ ሰላምታቸው።

ተቆጥቶ ቢሆን ደግ ነበር። አልተቆጣም። መኩሪያን ባገኘው ቁጥር፣ ታክሲ ተራ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ጠጋ ብሎ በዚያ በረጋ ድምፁ «መኩሪያ፣ ካዕቤን መልስልኝ» ይለዋል። ይቺን ብቻ። መኩሪያም ይስቃል፤ ዞር ሲል አንጀቱ ያርራል። በብሩሹ ዘመን ይህን የሚናገረው ሰው አልነበረማ።

በስም ጉዳይ ራሱ መኩሪያ ቀልድ አያውቅም። ከሱቁ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር አረጋሽ የምትባል ሴት አለች፣ ከደቡብ የመጣች። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደሩ ጋሽ መከሪያ» ትለዋለች።

«መኩሪያ!» ይላል እሱ ቁልፉን እየፈለገ። «ኩ! ኩ በይ!»

«እሺ ጋሽ መከሪያ።»

«ኧረ በአፍንጫዬ ይውጣ» ይልና ይገባል። አፏ አልያዝልሽ ብሏት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷ ብቻ ሳትሆን ሌሎችም እንደዚያ የሚጠሩት ነበሩ፤ እነሱንም አዲስ ገቢ ናቸው፣ አማርኛው ገና አልገባቸውም ይላቸዋል። መኩሪያ ያለው አባቱ ነው። የሚኮራበት ልጅ ሲወለድለት ያወጣለት ስም ነውና ማንም እንዲቆራርጥበት አይፈልግም።

ታዲያ አንድ ቀን ውዳሴ እናቷን አስቴርን ከጎኗ አስቀምጣ ላገባ ነው አለችው።

«ልጁ ማነው?»

«ጌቱ ይባላል።»

«የማን ልጅ?»

«የጋሽ ቱሉ።»

ጌቱ ቱሉ። መኩሪያ በልቡ ቆጠረ፤ ቱ፣ ቱ፣ ሉ። ይታያችሁ፣ አባትየው በሁለት ካዕብ ያሳበደው አንሶ ልጁ ሦስት ይዞ መጣበት።

«ሌላ ሰው አጣሽ?» አላት።

«አባዬ! ምን አድርጎህ ነው?»

«እሱማ ምንም አላደረገኝም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ስሙ ነው እንጂ።»

አስቴር የባሏን በሽታ ስለምታውቅ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌ ተላከ። ነገሩ ሁሉ በሰላም አልቆ ቀን ሲቆረጥ ጋሽ ቱሉ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም አንዲት ነገር አለችኝ» አለ። «እኔ ጥሎሹን አመጣለሁ፤ መኩሪያ ደግሞ ካዕቤን ያመጣል።» ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ቱሉ ግን አልሳቀም። «አባቴ በንቲ ቱሉ ያለኝ በምክንያት ነው» አለ። «ቱሉ በእኛ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው። ተለ ግን በማንም ቋንቋ ምንም አይደለም። ልጄ ሲዳር፣ ዘመዶቼ ተሰብስበው ቪዲዮውን ሲያዩ፣ ስሜ እንደ ስሙ ቆሞ ማየት እፈልጋለሁ።»

መኩሪያ ፊቱ ጋለ። ተነሣና በሽማግሌዎቹ ፊት «በማርያም እምልልዎታለሁ ጋሽ ቱሉ፣ በዚህ ሠርግ ስምዎ ንቅንቅ አይልም» አለ። እንግዲህ አፍ አንዴ ከተናገረ ምን ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነው የሁለቱ ካርዶች ጣጣ የመጣው።

የአስቴር ወንድም ሚሳኤል የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ለሥልጠና ጀርመን ሲመላለስ ለመኩሪያ ስለ አሚጋ ብቻ የሚያወራ መጽሔት ያመጣለት ነበር። መኩሪያ ጀርመንኛ አያውቅም፤ ሥዕሉን ነው የሚያነበው። በዚያ መጽሔት ላይ ፊት ለፊት በተጋጠሙ ሁለት ገጾች ሁለት ካርዶች ወጥተው ነበር። ከሥዕሉ እንደተረዱት ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ገብተው ምስሉን የሚያሻሽሉ ናቸው። አንዱ ቀለሙን አብዝቶ መስመሩን የሚያጠራ ነው፤ መኩሪያ «ባለቀለሙ» አለው። ሌላው ቀለም አይጨምርም፣ የሚንቀጠቀጠውን ምስል ብቻ ቀጥ ያደርጋል። ሉቃስ ይሄኛውን «አረጋጊው» አለው።

ሁለቱ ሰዎች ወዳጅ ናቸው፤ ሉቃስ በዕድሜ ያንሳል፣ እምነቱም ጴንጤ ነው። ግን በእነዚህ ሁለት ገጾች ላይ የተጨቃጨቁትን ጭቅጭቅ ሁለት የኳስ ክለብ ደጋፊዎች አልተጨቃጨቁትም።

«ጋሽ መኩሪያ» ይላል ሉቃስ፣ «የእርስዎ ችግር መንቀጥቀጥ ነው አይደል? መንቀጥቀጥ የሚያቆም ዕቃ እያለ ቀለም ምን ያደርግልዎታል?»

«አንተ ምን ታውቃለህ። የሚንቀጠቀጠው እኮ ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ነው። ባለቀለሙ ሲገባ ማሽኑ ራሱ ሌላ ማሽን ይሆናል። በሽታውን ትተህ ሳሉን ታክማለህ?»

«እኔ ጌታ ይመስገን ሳሉ ከቆመልኝ ይበቃኛል።»

«እናንተማ ነገር ሁሉ ራቁቱን ሲሆን ነው ደስ የሚላችሁ።»

«እናንተ ደግሞ ወርቅ ካልቀባችሁት አታምኑም» ይልና ሉቃስ ይስቃል። መኩሪያ መጽሔቱን ይነጥቀዋል። ከጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ነጋ እንኳ ካርድ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሉቃስ ወገን ሆኖ ነበር፣ መኩሪያን ለማናደድ ብቻ።

መቼም አልተስማሙም። ሚሳኤል ሲሄድ ሁለቱም የየራሳቸውን አዘዙ፤ ሲመለስም ሁለቱንም ይዞ መጣ። ዕቃውን ሲያስረክብ «ሰውዬው ግን ነገረኛ ነው» አለ። «ገና ሳይሸጥልኝ ‹ቪዲዮ? ቪዲዮ?› ይለኛል። እኔም ‹አዎ፣ ቪዲዮ ቤት ነው› አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።»

«ታዲያ ነቀነቀ ማለት እሺ አለ ማለት ነዋ» አለ መኩሪያ ፕላስቲኩን እየቀደደ።

«ወደ ጎን ነው የነቀነቀው።»

ማን ልብ ብሎ ይስማው። የመኩሪያ ዓይን ካርዱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ፈትቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ ባለቀለሙን በቦታው ሰካና አበራው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያማረ ነበር። ወርቁ ወርቅ ነው፣ ሰማያዊው ሰማይ ነው፤ ካዕቦቹ ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አስቴርን ጠራት፣ ነጋን ጠራው፣ ያን ቀን ደስ ስላለው አረጋሽንም ጠራት። «ጌቱ ቱሉ» የሚለውን አሳያቸው። ንቅንቅ የለም። ሉቃስ ጋ ደውሎ «እህሳ፣ ያንተ አረጋጊ እንዴት ነው?» አለው። «ጌታ ይመስገን፣ ቀጥ ብሏል» አለ ሉቃስ። «የኔም ቀጥ ብሏል፤ በዚያ ላይ ወርቅ አለው» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመኩሪያ የጫጉላ ጊዜ ነበር። ፊደሎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ሳላቸው። መብራት እየጠፋ የሠራውን ሲያጠፋበት እንኳ አልተበሳጨም፤ መልሶ ይሥላል። ካሴት ላይ ግን አንድም ቀን አልቀረጸም። ለምን ይቅረጽ? የሚቀረጸው ፊልም ገና የለም፤ ሠርጉ ገና ነው። የሚያየው ነገር ደግሞ ፊቱ ላይ ቆሞለታል።

ሠርጉ በጥር ሆነ፣ አማረም። የሙሽራ አባት ካሜራ ይዞ አይሮጥምና ቀረጻውን ሉቃስ ያዘ። ካሴቱ የሚታየው ግን በቅልቅሉ ቀን ነው፤ ቅልቅሉ ደግሞ በጋሽ ቱሉ ቤት፣ ሁለቱ ቤተሰብ በተሰበሰበበት። መኩሪያ ፊልሙን ቆራርጦ ቀጣጥሎ ጨረሰ። ጽሑፉ ብቻ ቀረው። ለቅልቅሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሚዜዋን ሰክቶ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ያለውን ቦታ አግኝቶ፣ ያንን ወርቃማ «ጌቱ ቱሉ እና ውዳሴ መኩሪያ» ከፊልሙ ጋር አጋባው። ቀረጸው። ካሴቱን መልሶ አጫወተው።

ሙሽሮቹ ከመኪና ወረዱ። ከሥራቸው ምንም የለም።

ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ደግሞ ቀረጸ። ምንም የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ፊቱ ያለው የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ፊደሎቹ ወርቅ ናቸው፣ ካሴቱ ላይ ግን ባዶ። አስቴር ምሳ ይዛ ብትመጣ «አልበላም» አላት። ወርቁን ትቶ በድሮው ፊደል ሞከረ፤ እሱማ መጣ። እየተንቀጠቀጠ። ጌተ ተለ።

ከዚያ ለመኩሪያ ሞት የሆነውን ነገር አደረገ፤ ታክሲ ይዞ ጎፋ፣ ሉቃስ ጋ ሄደ። መንገድ ላይ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር። ልክ ነበርክ ልለው ነው፤ አረጋጊህን አውሰኝ ልለው ነው፤ ይሳቅብኝ፣ ምን አባቱ፣ ይሳቅ።

ሉቃስ በሩን ሲከፍት አልሳቀም።

«አረጋጊውን ለዚህ ሳምንት አውሰኝ» አለ መኩሪያ፣ ሳይቀመጥ።

ሉቃስ አንገቱን ደፋ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አበራ። የመዝሙሩ ግጥም መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ መጣ፣ እንደ ሐውልት። ቀጥሎ ካሴቱን አጫወተው። ያው መዝሙር፣ ያው ግጥም፣ እንደ ወባ በሽተኛ እየተንቀጠቀጠ።

«መቼ አወቅህ?» አለው መኩሪያ።

«ቆየሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ቀን ደውለው ወርቅ አለኝ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ሁለቱም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተንበርክከው ገመዶቹን አዩ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቀድሞም ቢያዩት ግልጽ ነበር። ካርዱ የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ የሚወጣው ገመድ ወደ መስታወቱ ብቻ ይሄዳል። ወደ ሚዜዋና ወደ ካሴቱ የሚሄደው ገመድ የሚወጣው ግን ከድሮው ቀዳዳ ነው፤ እሱን ደግሞ ባለቀለሙም አረጋጊውም አይነኩትም። ጀርመናዊው ሻጭ «ቪዲዮ? ቪዲዮ?» ያለው ይህንን ነው። ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ የተነታረኩት ለገዛ ዓይናቸው የሚያምረው የትኛው ነው በሚለው ነበር።

«ጌታ ያውቃል፣ እኔ እኮ የእርስዎን ልዋስ አስቤ ነበር» አለ ሉቃስ።

መኩሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ የሚቆጣበት አጣ። ካርዶቹ አልዋሹም፤ ሚሳኤልም ነግሮታል። ራሱ ነው፤ ራሱ፣ በራሱ እጅ። እየተሳደበ ወጣ። ማንን እንደሚሰድብ ግን አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ፊቱን አይታ አስቴር ምንም አልጠየቀችም፤ ራሱ አወራላት። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለሚዘለለው መስመር። ጋሽ ቱሉ ፊት ማርያምን ጠርቶ እንደማለ፣ አሁን ዘመድ ሁሉ ፊት «ተለ» ሊል እንደሆነ። «ስም መጻፍ አቃተኝ» አለ። «እኔ፣ መኩሪያ፣ ስም መጻፍ አቃተኝ።»

አስቴር ሰማችው፣ ሰማችው፣ በመጨረሻ ሰለቻት። «በብሩሽ ስትጽፍ ይንቀጠቀጥ ነበር እንዴ?» አለችው።

«ይሄ ሌላ ነው።»

«ሳንቃ ላይ ጻፈውና ሳንቃውን በካሜራ አንሣዋ። ምንድነው ችግሩ?»

ችግሩማ ኩራት ነው። ያ ሁሉ ዓመት በኮምፒውተር እሠራለሁ ሲል ኖሮ ተመልሶ ሳንቃ? ግን ምን አማራጭ አለው። አልጋ ሥር ካለው ሣጥን ብሩሾቹን አወጣ። ፀጉራቸው ደርቆ ነበር፤ በላምባ ዘፍዝፎ አለሳለሳቸው። ጥቁር በተቀባ ሳንቃ ላይ በነጭ ጀመረ። የመጀመሪያዋ «ቱ» ተጣመመችበት፣ በጨርቅ ጠረጋት። ሁለተኛዋም። ከዚያ እጁ አስታወሰ። ትንፋሹን ያዘ፣ ብሩሹን ወደ ጎን ጎተተ፣ ጫፏን አሳረፋት። «ጌቱ ቱሉ እና ውዳሴ መኩሪያ።» አምስት ቃል ብቻ ናት፣ ግን ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀበት። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሳምንት ምግብ አሰኘው።

ሳንቃውን በካሜራ አንሥቶ በፊልሙ መግቢያ ላይ አስገባው። አጫወተው። አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ፊልሙን ወደ መጨረሻው አስኬደና፣ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የምትለጠፈውን የራሱን መስመር ለጠፈበት። እሷ ከዓመታት በፊት የተሠራች፣ በየሠርጉ መጨረሻ የምትገባ ናት፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ፊቱን ሳያዞር ነው የሚያስገባት።

የቅልቅሉ ቀን የጋሽ ቱሉ ሳሎን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንበር ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ በር ላይ ሰው ነው። ጋሽ ቱሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሚስቱ እትዬ ገዲሴ፣ ቀጥሎ መኩሪያና አስቴር። ጌቱና ውዳሴ ጥግ ላይ እየተንሾካሾኩ ይስቃሉ። ሉቃስ ካሴቱን አስገባና ዞር አለ።

ጥቁሩ ሳንቃ መጣ፤ ነጩ ጽሑፍ መጣ። ጌቱ ቱሉ።

ጋሽ ቱሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ በዚያ ወፍራም የአናጺ ጣቱ መስታወቱን ነካው፤ የ«ቱ»ን ጎን፣ የ«ሉ»ን ጎን። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና «ቆሟል» አለ። እትዬ ገዲሴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከማምሻ ቤቱ ጓደኞች አንዱ «አቶ ቱሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለ፣ «ቱ»ንም «ሉ»ንም ጠበቅ አድርጎ። መኩሪያ የሚይዘውን አጣ፤ ዓይኑ እርጥብ አለ። አስቴር በክርኗ ጎሸመችው።

ፊልሙ ረጅም ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጭፈራው ጋ ሲደርስ እውነተኛ ጭፈራ ተነሣ። መኩሪያ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ደልቶት ተቀምጧል። ሙሽሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ፊልሙ ጠቆረ፤ የመጨረሻዋ መስመር መጣች።

ቅንብር፦ መከሪያ።

መኩሪያ አያት። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከ«ከ» ጎን አንዲት ቀጭን ነገር ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። ገና ቅድም በብሩሽ የተጻፈውን የራሱን ስም ባያይ ኖሮ አሁንም አያያትም ነበር። ስሙን ያውቃል፤ ስለዚህ የሌለችውን «ኩ» ዓይኑ ራሱ እየሞላ ሲያነብለት ኖሯል።

ግራ ቀኝ አየ። ማንም አልሳቀም። ማንም አልደነገጠም። ሰው ተነሥቶ ጋቢውን እያስተካከለ ነው፤ የለመደውን ነገር እንዳየ። ሉቃስ ብቻ ጫማውን ያያል።

ጋሽ ቱሉ ጠጋ አለው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔን መልሰህልኛል» አለና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረበት። «የራስህን ግን እያወቅህ የተውካት መስሎኝ ነበር። እኔ እኮ ‹ለራሱም አልሆነለትም፣ ምን ላድርገው› እያልኩ ነው ዝም ብዬህ የኖርኩት።»

መኩሪያ አስቴርን «እንሂድ» አላት።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ አረጋሽ ሽንኩርቷን እየደረደረች ነበር።

«ደህና አደሩ ጋሽ መከሪያ። ሠርጉ እንዴት አለፈ?»

መኩሪያ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «አረጋሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ስሜን እንደዚያ ያለሽ ማነው?»

አረጋሽ ምን አጠፋሁ ብላ ቀና አለች። «ማንም አላለኝም» አለች። «የእህቴን ሠርግ ካሴት ሠርተውልን የለ? እሱ ላይ አነበብኩት። እርስዎ እንደዚያ አይደለም ሲሉኝ ደግሞ፣ ሰውዬው ቀልደኛ ነው፣ ራሱ ጽፎት ራሱ ይክዳል እያልን እንስቃለን።»

መኩሪያ ቁልፉን ወደ ኪሱ ከተተና ሱቁን ሳይከፍት ብሩሾቹን ሊያመጣ ወደ ቤት ተመለሰ።